ኮፍያ ያደረጉ ፊደሎች

የአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፍኩ። መልሶቹን በሙሉ አግኝታቸው ነበር፣ ዜሮ የሰጠኋት «ህጉን አብራሩ» የሚለው ቦታ ላይ ነው። ወረቀቱን ስመልስላት ምንም አላለችም፣ አንዴ አየችው፣ ለሁለት አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያቺ ዝምታዋ ናት ይሄን ሁሉ የምታስጽፈኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ስለ ቋንቋ ባሰብኩ ቁጥር፣ ወይ አንድ ልጅ የሆነ ነገር ሲያስረዳኝ በሰማሁ ቁጥር፣ ያቺ ወረቀት ስትታጠፍ ትመጣብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጎ ፈቃድ ለቋንቋ ኦሊምፒያድ የሚዘጋጁ ልጆችን አግዛለሁ። የቋንቋ ኦሊምፒያድ ሲባል ብዙ ሰው ብዙ ቋንቋ የሚችሉ ልጆች የሚፎካከሩበት ይመስለዋል፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር የመሰለኝ። ግን ልጁ ፊት የሚቀመጠው በህይወቱ ሰምቶት የማያውቀው ቋንቋ ነው። አስር ወይ አስራ አምስት ሀረግ ከነትርጉሙ ይሰጠዋል፣ ከዛ ያልተተረጎሙ ሌሎች ሀረጎች ይመጡና «ተርጉም» ይባላል። መዝገበ ቃላት የለም፣ ሰዋስው የለም፣ የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ እዛችው ገጽ ላይ አለ። ይሄን አይነት ጥያቄ ሮዜታ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1799 በተገኘው፣ አንድ ጽሑፍ በሦስት አይነት አጻጻፍ በተቀረጸበት በሮዜታ ድንጋይ ስም ማለት ነው፣ ምክንያቱም ስራው ያው ነው፣ የምታውቀውን ከማታውቀው ጎን አስቀምጠህ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ መፈለግ።

ውድድሩ በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው የተጀመረው፣ ዓለም አቀፉ ደግሞ በ2003 ቡልጋሪያ ውስጥ ቦሮቬትስ በምትባል ቦታ። ዓለም አቀፉ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን አምስት ጥያቄ ይዞ ስድስት ሰዓት ይቀመጣል፣ ከዛ በሌላ ቀን አራት አራት ሆነው በቡድን አንድ ትልቅ ጥያቄ ይሰራሉ። የአሜሪካና የካናዳ የመለስተኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚፈተኑበት ናክሎ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ፣ የመጀመሪያው ዙር ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓቱን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ አስራ ሁለት ቃል ላይ አፍጥጦ ሲቀመጥ አይታችሁ ከሆነ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። መጀመሪያ ይቁነጠነጣሉ፣ ከዛ እርሳሳቸውን ይነክሳሉ፣ ከዛ የሆነ ሰዓት ላይ አንዱ ቀና ይልና ፊቱ ይበራል፣ ከዛ በኋላ እጁ አያርፍም።

እኔ ለዛች ደቂቃ ነው የምሄደው።

ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ

የውድድር ጥያቄ የሚያወጡ ሰዎች በተቻለ መጠን ልጆቹ የማያውቁትን ቋንቋ ነው የሚመርጡት፣ ማንም ከማንም አስቀድሞ እንዳይጀምር። እኔ ጋ ያሉት ልጆች ደግሞ አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን እንኳን ከኔ ነው የሰሙት። ስለዚህ ለምን ከራሴ ቋንቋ ጥያቄ አላወጣላቸውም አልኩ፣ በጣምም ደስ ብሎኝ ነበር የሰራሁት።

የመረጥኩት ትእዛዝ ነው። ለወንድ ሂድ፣ ለሴት ሂጂ። ለወንድ ክፈት፣ ለሴት ክፈቺ። ጨርስ ጨርሺ፣ ያዝ ያዢ፣ ለምን ለምኚ፣ ምረጥ ምረጪ፣ ጣል ጣዪ። ከነሱ ጋር ደግሞ ፈልግ ፈልጊ፣ ጠይቅ ጠይቂ፣ ቁም ቁሚ፣ አስብ አስቢ፣ እረፍ እረፊ፣ ጀምር ጀምሪ። አንዴ ጮክ ብላችሁ በሉት እስቲ። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ላይ የመጨረሻው ተነባቢ ራሱ ይቀየራል፣ የኋለኞቹ ስድስቱ ላይ ግን ባለበት ሆኖ «ኢ» ብቻ ትጨመርበታለች። ልጆቹ የሚጠበቅባቸው የትኛው እንደሚቀየርና የትኛው እንደማይቀየር ማወቅ፣ ከዛ ውሰድ፣ ቁረጥ፣ ድረስ፣ ስበር የሚሉትን ወደ ሴት መቀየር፣ በመጨረሻ ህጉን በራሳቸው አማርኛ፣ ማለቴ በራሳቸው ቃል፣ መጻፍ ነበር።

የኔ መልስ ወረቀት ላይ ህጉ እንዲህ ይላል፦ በምላስ ጫፍ ከጥርስ ጀርባ የሚነገሩ ድምፆች «ኢ» ስትመጣባቸው ምላስ ወደ ኋላ ወደ ላንቃ ይሸሽና ይለወጣሉ፣ ደ ወደ ጀ፣ ተ ወደ ቸ፣ ሰ ወደ ሸ፣ ዘ ወደ ዠ፣ ነ ወደ ኘ፣ ጠ ወደ ጨ፣ ለ ወደ የ። በከንፈር የሚነገሩት በ፣ መ፣ ፈ እና ከአፍ ጀርባ የሚነገሩት ገ እና ቀ አይነኩም። ቆንጆ ህግ ነው። የድምፅ ትምህርት የሚወድ ሰው ሲያየው ይደሰታል።

ቃላቱን በላቲን ፊደል ጻፍኩላቸውና ከያንዳንዱ ጎን በግዕዝ ፊደልም ጨመርኩ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ደግሞ ሙሉውን የፊደል ገበታ ከሀ እስከ ፐ ሰባቱን ዓምድ ፕሪንት አደረኩላቸው። ገበታው ለመልሱ ያስፈልጋል ብዬ አይደለም፣ ፊደላችንን እንዲያዩት ፈልጌ ነው። እንዲያምር። ሌሎቹ ልጆች አንዴ ገልብጠው «ዋው» ብለው ወደ ላቲኑ ተመለሱ። እሷ ግን አልተመለሰችም።

ከስር ያለው ረድፍ

እሷ የጻፈችው ማብራሪያ በግምት እንዲህ ይላል፦ «የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ገበታው ላይ ፈልግ። ከስሩ ያለው ረድፍ እሱኑ የሚመስል ሆኖ ኮፍያ ያደረገ ከሆነ ወደዛ ውረድ። ካልሆነ ባለህበት ቆይ። ከዛ ሦስተኛውን ዓምድ ውሰድ። አንደኛው ኮፍያ ሳይሆን ጫማ ነው ያደረገው ግን ያው ነው። ለ ብቻ በዚህ ህግ አይሄድም።»

አነበብኩት። ስለ ምላስ የለም፣ ስለ ጥርስ የለም፣ ስለ ድምፅ አንዲት ቃል የለም። ልጅቷ ስለ ስዕል ነው የጻፈችው አልኩ በሆዴ። ቋንቋ ድምፅ ነው፣ ፊደል ልብሱ ነው፣ ይሄን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ስለዚህ ማብራሪያው ላይ ዜሮ። ያን ያህል አላሰብኩበትም፣ ሌሎች ወረቀቶች ይጠብቁኝ ነበር።

ማታ ነው የመጣብኝ። ተኝቼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ «ከስሩ ያለው ረድፍ» የምትለዋ አልለቅ አለችኝ። ተነስቼ መብራት አበራሁና ገበታውን አወጣሁት። ሰ፣ ከስሩ ሸ። ተ፣ ከስሩ ቸ። ነ፣ ከስሩ ኘ። ዘ፣ ከስሩ ዠ። ደ፣ ከስሩ ጀ። ጠ፣ ከስሩ ጨ፣ እውነትም እግሮቹ ላይ ቀለበት አጥልቆ። አንድ በአንድ ወረድኩ፣ ስድስቱም ልክ እንዳለችው ናቸው።

እኔ ይሄን ገበታ ማንበብ ሳልችል ጀምሮ በዜማ ነው የማውቀው። ሀ ሁ ሂ ሲባል ሸ ከሰ ቀጥሎ፣ ቸ ከተ ቀጥሎ እንደሚመጣ አፌ ያውቀዋል፣ ተሳስቼ አላውቅም። ለምን ከሱ ቀጥሎ እንደሚመጣ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሸ ማለት ሰ ሆኖ ከላዩ ጭረት የተጨመረበት መሆኑን እያየሁ አላየሁትም። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው የሚባለው ለኔ ነበር ያን ቀን።

ደግሞ እኮ ይሄ እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ግዕዝ እነዚህ ድምፆች አልነበሩትም። አማርኛ በዛው ፊደል መጻፍ ሲጀምር ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ አስፈለጉ፣ ያኔ የጻፉት ሰዎች ከባዶ አዲስ ቅርጽ አልፈጠሩም፣ ለያንዳንዱ ድምፅ የሚቀርበውን ፊደል ወስደው ምልክት ጨመሩበትና ከወላጁ ስር አስቀመጡት። ማለትም ሂድ ሂጂ ሲሆን ደ እና ጀ ዘመድ መሆናቸውን እነዛ ሰዎች ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዝምድናውን በቅርጽ አስቀመጡት። ልጅቷ ቋንቋውን ሳትሰማ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ የነሱን ሀሳብ ከቅርጹ ላይ አነበበችው። እኔ ደግሞ «ስዕል ነው» ብዬ ዜሮ ሰጠሁት።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ብቻ አይደለም። ረ ነው።

ጀምር ጀምሪ። ረ በምላስ ጫፍ ነው የሚነገረው፣ እንደ ሰ፣ እንደ ነ፣ እንደ ለ። በኔ ህግ ከሄድን መለወጥ ነበረበት። አልተለወጠም። ዳታው ውስጥ ራሴ ያስገባሁት ቃል ነው፣ «ስበር»ንም ለመልስ ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ መልስ ወረቀቴ ላይ ግን ስለ ረ ምንም አልጻፍኩም፣ ምክንያቱም ጀምሪ ማለት ለጆሮዬ ትክክል ስለሆነ ምንም የሚብራራ ነገር አልታየኝም። የእሷ ህግ ግን ረን ይመልሰዋል! ከረ ስር ያለው ሰ ነው፣ ሰ ረን አይመስልም፣ ስለዚህ ባለህበት ቆይ። ጀምሪ። ስበሪ። የኔ ህግ ረ ላይ ይሰበራል፣ የእሷ ለ ላይ ይሰበራል፣ ልዩነቱ እሷ የሚሰበርበትን ቦታ በግልጽ ጽፋዋለች፣ እኔ አልጻፍኩም። እና ወረቀቱ ላይ ዜሮ ያለው የሷ ስም አጠገብ ነው።

አፌ የሚያውቀው

ከዛ በኋላ ያለውን ሌሊት በሙሉ ቃል ስደረድር አደርኩ። ከፈተ ከፋች፣ ወሰደ ወሳጅ፣ ጨረሰ ጨራሽ፣ ያዘ ያዥ፣ ለመነ ለማኝ፣ ቆረጠ ቆራጭ፣ ከፈለ ከፋይ። እዚህም ያው ነው! እና ፈለገ ፈላጊ፣ ጠየቀ ጠያቂ፣ ሰበረ ሰባሪ። ተነባቢው ከተለወጠ «ኢ»ዋ ትጠፋለች፣ ካልተለወጠ «ኢ»ዋ ትቀራለች፣ ስራዋን ጨርሳ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ከዛ ደግሞ ሄጄ፣ ከፍቼ፣ ጨርሼ፣ ይዤ፣ ለምኜ፣ ቆርጬ፣ ጥዬ፣ ግን ሰብሬ፣ ፈልጌ፣ ጠይቄ። በየቀኑ ስንት ጊዜ ነው እነዚህን ቃላት የምናገረው? ከዛ ደግሞ ገለጸ መጣልኝ። ገለጸ ገላጭ፣ ግለጽ ግለጪ። ጸም ወደ ጨ ይሄዳል፣ ገበታው ላይ ግን ከጸ ስር ያለው ፀ ነው። ስለዚህ ይሄኛው የልጅቷን ህግ ይጥለዋል፣ የኔን ግን አይጥለውም፣ ጸም በምላስ ጫፍ ነዋ። እንደዛ እያልኩ አንዴ የሷን አንዴ የኔን ህግ ሳነሳ ስጥል ነጋ።

የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ንብረት፣ ስለ ሰው ነበር የሚመስለኝ። ስለ ቋንቋም ነው ለካ። አንድን ቋንቋ ስንናገረው ስለምንችለው የምናውቀው ይመስለናል፣ እና እስካልተሳሳትን ድረስ ህጉን ለማየት ምንም ምክንያት የለንም። የማይናገረው ሰው ግን ከማየት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ይሄ ውድድር በጣም የምወደው ለዚህ ነው። ልጁን ወደማያውቀው ቋንቋ ይወስደውና ዓይን ብቻ ያደርገዋል፣ ከዛ ወደራሱ ቋንቋ ሲመለስ ያ ዓይን አብሮት ይመለሳል። ልጆቹ ላይ ሲሆን አይቼዋለሁ፣ አንዱ በቀደም በራሱ ቋንቋ ብዙ ቁጥር እንዴት እንደሚሰራ ለሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ አወራኝ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ግን ለኔ ያልታየኝ ሌላ ነገርም አለ፣ እሱን ልናገር። ዓለም አቀፉ ውድድር ወረቀት ላይ ህጉን ካላብራራህ ሙሉ ነጥብ አታገኝም ይላል፣ ትክክል ነው፣ ገምቶ ማግኘትና ገብቶት ማግኘት አንድ አይደሉም። እኔም ያንን ይዤ ነው ዜሮ የሰጠሁት። ግን ማብራሪያ ማለት ፊትህ ያለውን ዳታ የሚይዝ ህግ ማለት እንጂ ጠያቂው ያሰበውን ህግ በጠያቂው ቃል መልሶ መጻፍ ማለት አይደለም። እኔ የፈለኩት የራሴን ህግ መስማት ነበር። አሁን ሳስበው የሚከብደኝ ይሄ ነው፣ ስንት መምህር ስንት ልጅ ላይ እንደዚህ አድርጎ ይሆን፣ መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ የሱን ስላልመሰለ ብቻ፣ ልጁም ዝም ብሎ ወረቀቱን አጥፎ የሄደ። ደግሞ እንደዛ ወረቀቱን አጥፎ የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ ሌላው ሰው ወደማያይበት የገለበጠው ልጅ ነው።

ሳምንቱ

በሳምንቱ ስንገናኝ ሌሎቹ ሳይመጡ ቀድሜ ጠበቅኳት። ወረቀቱ አለሽ ወይ አልኳት። ቦርሳዋ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር። ዜሮውን ሰርዤ ሙሉ ነጥብ ጻፍኩበት፣ ከስሩም የኔ መልስ ወረቀት ረን እንዳልያዘና የሷ ግን እንደያዘው ጻፍኩላት፣ ከዛ በአፌም ነገርኳት፣ ተሳስቼብሻለሁ፣ ይቅርታ አልኳት። ቀላች። ከዛ ወዲያው ገበታውን ገለበጠችው፣ ነጥቡን ሳይሆን ገበታውን ነው የፈለገችው።

አንድ ቃል ልስጥሽና ሞክሪው አልኳት፣ ላክ። ዳታው ውስጥ ያልነበረ ፊደል ነው። ጣቷን በገበታው ላይ ወደታች አወረደች፣ ከ ጋ ቆመች፣ ከስሩ ያለው ኸ ነው፣ ራሱ ከ ሆኖ ኮፍያ ያደረገ። ቀና አለችና «ላኺ» አለች፣ እርግጠኛ ሆና።

አይደለም፣ ላኪ ነው አልኳት።

አልተከፋችም፣ አፈጠጠችበት እንጂ። ትንሽ ቆየችና «እስቲ ኸን ይበሉልኝ» አለች። አልኩላት። «ሸንስ?» አለች። አልኩ። «ቸ? ኘ? ዠ?» ሁሉንም አልኩላት፣ እሷም ከኋላዬ እየተከተለች ትላለች፣ ዠ ላይ ትንሽ ተቸገረች። ከዛ ያለኔ ብቻዋን ሰ፣ ሸ፣ ሰ፣ ሸ ማለት ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ አፏ ውስጥ የሚሆነውን እያዳመጠች። ከዛ ከ፣ ኸ። ከዛ ዝም አለች። ፊቷ ሲበራ አየሁት።

«ኸ እዚህ ነው» አለች፣ ጉሮሮዋን ነክታ። «እነዚህ ሁሉ ግን ምላሴ ከፊት ተነስታ ወደኋላ ትሄዳለች። ኸን ኮፍያ ያደረጉለት ለሌላ ስራ ነው።»

ምንም አልጨመርኩም። እኔ ከላይ ሆኜ በቃል ልሰጣት የፈለኩትን ህግ ከታች ከኮፍያ ጀምራ፣ ኮፍያው ሲከዳት በምላሷ ፈትሻ፣ ራሷ ደረሰችበት። ወረቀቱ ላይ የድሮ ማብራሪያዋን አልሰረዘችም፣ ከስሩ ስለ ምላስ አዲስ መስመር ጻፈች፣ ለንም ከነሱ ጋር ጨመረችው፣ ለ አሁን ከህግ ውጪ አይደለም ብላ። ከዛ እርሳሷ ቆመ።

«ረን ይበሉልኝ።»

ረ አልኩ።

«ምላስዎ የት ነው?»

ከፊት አልኳት፣ ከጥርሴ ጀርባ።

«ታዲያ ለምን አይለወጥም?»

ደግሜ ረ አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ምላሴን እየተከተልኩ። እሷም አለች። ሪ አልኩ። ሪ አለች። ሌሎቹ ልጆች እየገቡ ወንበር ሲስቡ፣ እሷ ረ አጠገብ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረገችበትና ወረቀቱን ሳታጥፈው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።